ኳስ ያልደረሰባት በረኛ

በረኛ የሆንኩት ሩጫ ስለማልወድ ነው። ሌላ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የለኝም። የሰፈራችን ሴቶች ኳስ ስንጀምር ሁሉም አጥቂ ለመሆን ሲሻሙ እኔ ቀስ ብዬ ሄጄ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቦታ ያስነሳኝ ሰው የለም። ቁመቴ ረጅም ነው፣ እጄም እንደዚያው። ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ባልዲ ሲፈለግ አባቴ መሰላሉን ትቶ እኔን ይጠራ ነበር።

አባቴ ሚዛን ከተማ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሸራ፣ ቦቲ ጫማ። በወጣትነቱ ከወልቂጤ አካባቢ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ዝናብ በማይጠፋበትና ቡና በሚሰጣበት አገር ሸራና ቦቲ የሚሸጥ ሰው ጦሙን እንደማያድር ቀድሞ ገብቶታል። አጎቴም ቴፒ ላይ ተመሳሳይ ሱቅ አለው። ልጅ የለውም፤ ዓይኑም እየደከመ መጥቶ ትልቁንና ትንሹን ጀሪካን በእጁ እየዳበሰ ነበር የሚለየው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር አባቴ አልተቆጣም። ያን ዓመት ከትምህርት ቤታችን ያለፈው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ስለነበር የሚቆጣበት ምክንያትም አልነበረውም። "ቴፒ ሄደሽ የአጎትሽን ሱቅ ትይዣለሽ" አለኝ፣ በሩን ዝጊው በሚልበት ድምፅ። ሱቅ መያዝ ነውር የለበትም። ነገር ግን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ቀኑ ሲመሽ፣ ዓመቱ ሲያልፍ ይታየኝ ነበር። ኳስ መጫወት እንደምፈልግ ነገርኩት።

"ኳስ እንጀራ ይሆናል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

እንደሚሆን አስረዳሁት። ክለቦች ለሴት ተጫዋቾች ደሞዝ እንደሚከፍሉ፣ መኖሪያም እንደሚሰጡ፣ ከአንዱ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጥቶ ከቴፒ ቡድን ጋር ያለንን ጨዋታ እንደሚያይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በረኛ እንደሚፈልግ አሰልጣኛችን መስማቱን ነገርኩት። አባቴ ነጋዴ ነው፤ ትንሽ አሰበና ቁርጡን ተናገረ። "ሰውየው ከወሰደሽ መርቄ እሸኝሻለሁ። ካልወሰደሽ በሳምንቱ ቴፒ ነሽ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።" እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ከአባቴ ጋር እንደ ደንበኛ ስንጨባበጥ የመጀመሪያችን ነበር።

አሰልጣኛችን የጂኦግራፊ መምህር ነው። የማጂ ሰው፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ። ኳስ ሲመታ ያየው የለም። ቡድኑን የያዘው ያለ ክፍያ የሚሠራ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው። እሱ የሚችለው ቼዝ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣ አንድ ጭማቂ ቤት ይገባና ሰሌዳውን ይዘረጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስታትስቲክስ የሚያስተምር ሕንዳዊ መምህር ከፊቱ ይቀመጣል። ከጠጠሮቹ የጠፋችውን አንዲት ጥቁር ወታደር በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ተክተዋታል። ሲጫወቱ የአቮካዶው ጭማቂ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ አይነኩትም፤ የቤቱ ባለቤት "እነዚህ ሰዎች የሚገዙኝ ወንበር ነው" እያለች ታማቸው ነበር።

እኔንም ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ሜዳውን በሙሉ ከፊቷ የምታይ በረኛ ብቻ ናት" አለኝ። "ስለዚህ ማየት መማር አለብሽ።" ተማርኩ። እሱን አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም፤ ሕንዳዊውን አንድ ጊዜ አሸንፌዋለሁ፣ ያን ዕለት ጉንፋን ይዞት ነበር።

ይኸው ሕንዳዊ እሑድ እሑድ ጠዋት ከባልደረቦቹና ከጥቂት ተማሪዎቹ ጋር እኛ በምንለማመድበት ሜዳ ጥግ ላይ ክሪኬት ይጫወት ነበር። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው አናጺ በሠራለት ጠፍጣፋ ዱላ ይመታል፤ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበታትነው ይጠብቃሉ። ከመቺው ጀርባ ሦስት እንጨት ተተክሏል፤ ከእንጨቶቹ ጀርባ ደግሞ ጓንት ያደረገ ሰው ቆሞ ያመለጠውን ኳስ ይለቅማል። ያ ባለ ጓንት አንድ እሑድ ቀረባቸውና፣ ጓንት ያለኝ እኔ ስለሆንኩ፣ ጠሩኝ። ሕጉ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ቦታው ግን ደስ ይላል። መቺው የሳተው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው፤ ጠዋቱን ሙሉ እጄ ሥራ አልፈታም።

አሰልጣኛችን ጃንጥላውን ተደግፎ ሲያይ ነበር፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። ሕንዳዊው ኳሷ ከመወርወሯ በፊት ሰዎቹን በእጁ ምልክት ያዘዋውራል፤ አንዱን ወደ ግራ ይስበዋል፣ አንዱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በቀኝ በኩል ሰፊ ቦታ ባዶውን ይተዋል። መቺው ያንን ባዶ ቦታ አየና ደስ ብሎት ወደዚያ መታ። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፤ ከባዶው ቦታ ጫፍ ላይ ማንም ልብ ያላለው አንድ ልጅ ቆሞ ኖሮ እጁ ላይ አረፈች። ሜዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ጮኹ።

"ክፍት ቦታውን ሆን ብለህ ነው የተውክለት?" ሲል አሰልጣኛችን ሕንዳዊውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

"ታዲያ" አለ ሕንዳዊው በአማርኛ።

አሰልጣኛችን ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላውን መዘርጋት ረስቶ ነበር። በማግስቱ ልምምድ ላይ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ፣ አንድ ኩንታል ሰጋቱራ በባጃጅ አስጭኖ መጣ።

በሰጋቱራው ሜዳውን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ቆራረጠው። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ስም አወጣልን። ሮጠው የማይደክሙት መሃል ሜዳዎች ፈረስ ሆኑ። የመሃል ተከላካይዋ ግንብ ሆነች። ይህቺ ተከላካይ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ ቡና ሲደርስ በሰው ማሳ ላይ ትለቅማለች፤ ከእናቷ ጋር በቤንችኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከኳስ ጋር ደግሞ ያለ ምንም ቋንቋ ነው የምትግባባው። "ግንብ ነሽ" ሲላት ለወፍራምነቷ የተነገረ መስሏት ትንሽ ተቀየመች።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ንጉሥ ነሽ።"

"ንግሥት አልሆንም?"

"ንግሥቷ ትሮጣለች" አለኝ። "ንጉሡ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሁሉም ነገር የሚደረገው ግን እሱ እንዳይነካ ነው።"

ሩጫ እንደማልወድ ስለሚያውቅ እንደሚስማማኝ እርግጠኛ ነበር፤ በጊዜውም ተስማምቶኛል።

ያስተማረን ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ባላጋራሽን አትከልክዪው፣ መንገድ ስጪው፤ መንገዱን ግን መርጠሽ ስጪው። ሜዳችን በምሥራቅ በኩል ከኮረብታው የሚወርድ ውሃ የሚተኛበት ጭቃ አለው። እዚያ የገባ ኳስ ይቆማል፣ እግርም ይያዛል። እኛ ሁልጊዜ ያንን ጎን ስንሸሽ ነበር የኖርነው። አሰልጣኛችን ግን ጭቃውን ሲያይ የክሪኬቱን ባዶ ቦታ ነበር ያየው። በምዕራብ በኩል ተጨናንቀን እንቆማለን፤ በምሥራቅ በኩል ክፍት እናደርጋለን፤ ባላጋራ ክፍት አየሁ ብሎ ዘው ሲል ጭቃው ይይዘዋል፤ ጭቃው ጫፍ ላይ ግንቧ ትጠብቃለች። ከእረፍት በኋላ ጎል ስንቀያየር ደግሞ ያው ጭቃ በሌላኛው እጃችን በኩል ይሆናል እንጂ የትም አይሄድም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሰጋቱራውን በየቀኑ ዝናብ ሲያጥበው፣ እሱ በየቀኑ ሲያሰምር፣ እኛም ስንስቅ ከረምን። ማሸነፍ ስንጀምር ሳቁ ቀረ።

ወደ እኔ የሚመጣው ኳስ በየጨዋታው እየቀነሰ ሄደ። አንዱን ጨዋታ ስንጨርስ እናቴ ማልያዬን አንስታ አየችና "ዛሬ አልተጫወትሽም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ተጫውቻለሁ ስላት አላመነችኝም። እኔም ስቄ አለፍኩት፤ ማሸነፋችን አስደስቶኝ ነበር።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ ከቴፒዎች ጋር ልንጫወት አንድ ቀን ሲቀረን ነው። ዝናቡ ልምምድ ስለከለከለን አሰልጣኛችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበን፤ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠጠሮቹን ደረደረ። ቴፒዎች ፈጣን የሆነች የክንፍ ተጫዋች አለቻቸው፤ እሷን የጠርሙስ ክዳኗ አደረጋት። ክዳኗን በጣቱ እየገፋ እንዲህ ብትመጣ እንዲህ እንሄዳለን፣ እንዲህ ብትዞር እንዲህ እንዘጋለን እያለ አሳየን። እኔ በዓይኔ ተከተልኩት። በየትም በኩል ብትመጣ ክዳኗ ንጉሡ ጋ አትደርስም። አንድ ክፍተት ባገኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ ደግሜ ሠራሁት፤ የለም። የሠራልን ዕቅድ የሚያምር ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ሙሉውን ጨዋታ ቆሜ የምውል፣ ሊያየኝ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አንድም ነገር ሳያይብኝ የሚሄድ ሰው ነበርኩ።

አሰልጣኛችን ሲጨርስ ጓደኛዬ ተነሣች። "ስሙ" አለች ለልጆቹ፤ "ነገ የሷ ቀን ነው። ሰውየው የሚመጣው ለሷ ነው። አንድም ኳስ እንዳይደርስባት። ጎል ከገባባት የኛ ጥፋት ነው።" ሁሉም አጨበጨቡ። አንዷ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ሌላዋ "እኔ ሞቼ ነው የሚያልፉት" አለች፤ የምሯን ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? እባካችሁ ነገ ትንሽ ዝርክርክ በሉልኝ? አንድ ሁለቴ አሳልፏቸው? እነዚህ ልጆች ከሥራ፣ ከለቀማ፣ ከልብስ አጠባ ተሯሩጠው እየመጡ በጭቃ ሲንቦራጨቁ የከረሙ ናቸው፤ የሚመጣውም ሰው ለኔ እንጂ ለነሱ እንዳልሆነ እያወቁ ነው የሚያጨበጭቡት። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያዘኝ። አሰልጣኛችንም ሰሌዳውን እያጠፈ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። "እናንተ እያላችሁልኝ ምን እሆናለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ሲዘንብ አርፍዶ ወደ እኩለ ቀን አካፋ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሜዳ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። "እንግዳ ዝናብ ላይ አይቆምም" ብሎ ከሱቁ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ አምጥቶ በአራት አጣና ወጠረው፤ ከሥሩ ወንበር አደረገ። መልማዩ በመኪና መጣ፤ አጠር ያለ፣ ትሕትና ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አባቴን አመሰገነውና ተቀመጠ። አባቴ አጠገቡ ቆመ፤ የበረኛዋ አባት መሆኑን አልነገረውም።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ሁሉም ነገር በሰሌዳው ላይ እንደታየው ሆነ። የቴፒዋ ፈጣን ልጅ ኳስ ባገኘች ቁጥር ቀና ብላ ታያለች፣ በምሥራቅ በኩል ሰፊ ክፍት ቦታ ይታያታል፣ ትሄዳለች፣ ጭቃው ይቀበላታል። ጓደኛዬ ጫፉ ላይ ትጠብቃትና ኳሱን ወስዳ ትመለሳለች። ይኸው ነው። አሰልጣኛችን በመስመሩ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሞ በከንፈሩ ብቻ አንድ ነገር ይላል፤ ቀጣዩን እየቆጠረ ነበር።

እኔ ቆምኩ። ከቋሚው ወደ ቋሚው ተራመድኩ። መታየት ይሻለኛል ብዬ መጮህ ጀመርኩ፤ ግቢ፣ ውጪ፣ ጀርባሽን እዪ፤ ሁሉም ቦታዋን ስለምታውቅ ጩኸቴ ለማንም አልጠቀመም። አንዴ ወደ ውጭ የሚሄድ ኳስ ላይ ተወረወርኩ። ባልነካው ይወጣ ነበር፤ ነክቼው ወጣና የማዕዘን ምት ሆነብን። ጓደኛዬ ምቱን በግንባሯ መልሳ ወደ እኔ ዞረችና "አይዞሽ፣ አትደንግጪ" አለችኝ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሸራው ሥር ያለው ሰው ወደ ሰዓቱ ሲያይ አየሁት።

ከእረፍት በኋላ አንድ ጎል አገባን። የቴፒዋ ልጅ ግን ከሌሎቹ በላይ ብልህ ነበረች። ወደ መጨረሻው ላይ ጭቃውን ተወችና በተጨናነቅንበት በኩል፣ በመሃላችን፣ ሰንጥቃ ገባች። ማንም አልጠበቃትም። ሁለቱን አለፈች፤ ከፊቷ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከጎሉ ወጣሁ፤ ክንዶቼን ዘረጋሁ፤ እግሬ ቦታውን ያዘ። ልትመታ ስትል ዳሌዋ የዞረበትን አየሁ፤ ወደ ግራዬ እንደምትመታ ገባኝ። እይዘው ነበር። እንደምይዘው እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ከኋላዋ ጓደኛዬ እየሮጠች ስትመጣ ታየችኝ፤ በዚያ ከባድ ሰውነቷ እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ውደቂ አልኩ በልቤ። የልብ ጓደኛዬ ጭቃ ላይ ተንሸራታ እንድትወድቅ ከልቤ ተመኘሁ። አልወደቀችም። በጎኗ ተንሸራታ ደረሰችና፣ የልጅቷ እግር ኳሱን ሊነካ ሲል፣ በጫማዋ ጫፍ ኳሱን ወስዳ ወደ ውጭ አወጣችው። የልጅቷን እግር አልነካችም። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። መልማዩ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

አሸነፍን። ልጆቹ መጥተው ላዬ ላይ ተከመሩ። "አልተነካሽም፣ ንጹሕ ነሽ" እያሉ ማልያዬን እየጎተቱ ያሳያሉ። በእውነትም ንጹሕ ነበርኩ። ከዚያ መልማዩ ጓደኛዬን በእጁ ጠራት። እሷ ወደ እኔ ዞራ በዝግታ "ስላንቺ ሊጠይቀኝ ነው፤ ምን ልበለው?" አለችኝ።

"ያወቅሽውን ንገሪው" አልኳት።

ሸራው ሥር ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ታወራ ነበር፤ በእጇ የኔን ቁመት ታሳያለች። ከዚያ ሰውየው አንድ ነገር አላት። ከዚያ ጭቃ የሞላውን ጫማዋን አቀርቅራ ታይ ጀመር። እኔም ቀስ ብዬ ወደዚያ ሄድኩ፤ አሰልጣኛችንም መጣ። ሰውየው ለአሰልጣኛችን "ይህችን ልጅ እወስዳለሁ" አለው። "ዓመቱን ሙሉ ዞሬ እንደዚህ ያለ ተከላካይ አላየሁም።"

"በረኛዋስ?" አለ አሰልጣኛችን።

"በረኛዋን አላየኋትም።" ይህን ያለው ወደ እኔ ዞሮ በአክብሮት ነው። "ይቅርታ እህቴ፤ ጥሩ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ያላየሁትን ምን ብዬ ልውሰድ?"

አሰልጣኛችን ዞረ። ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ ጭቃው አየ፣ ወደ ጎሉ አየ። ከዚያ ወደ እኔ። የዚያ ሰው ፊት ሲለወጥ ማየት አልፈለግኩም፤ ጫማዬን አሰርኩ። ቀና ስል ጃንጥላው ከእጁ ወድቋል፤ ሰውየውንም ክንዱን ይዞት ነበር። "አምስት ደቂቃ" ይለዋል። "በናትህ ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ከፍጹም ቅጣት ምት ቦታ ይመታላት። ካልያዘች ሂድ።"

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ከፊታቸው የጅማ መንገድ አለ፤ ሰማዩም እንደገና እየጠቆረ ነው። ሰውየው ሰማዩን አየ፣ እኔን አየኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "እሺ፣ ሦስት ኳስ" አለ። ዞር ብሎም ለጓደኛዬ "አንቺ ምቺ። በዚያውም እግርሽን ልይ" አላት።

ወደ ጎሉ ተመለስኩ። በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ። የጓደኛዬ እግር እንዴት እንደሚመታ አውቃለሁ፤ ልምምድ ላይ ስትመታ መረቡ ይቀደዳል፣ አንዴም ጣቴን አሳብጣው ነበር። ያንን ምት የያዘች በረኛ የትም ትገባለች። መስመሩ ላይ ቆሜ ክንዴን ዘረጋሁ። አባቴ ከሸራው ሥር ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ።

ጓደኛዬ ኳሱን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ያኔ ጠርጥሬ ነበር። ተንደረደረች፤ መታች። ኳሱ ቀስ ብሎ መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ።

"በደንብ ምቺ" አልኳት። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ አድርጋ መታችው። ሳልንቀሳቀስ እጄ ውስጥ ገባ። "በናትሽ፣ ምቺ" አልኩ። ድምፄ ተሰብሮ ነበር። እሷ ግን የፈራሁ መሰላትና በዓይኗ አይዞሽ አለችኝ። ሦስተኛውን ሮጣ መጥታ በሙሉ ኃይሏ የምትመታ መስላ መጨረሻ ላይ እግሯን ያዘችው። ኳሱ እየተንከባለለ መጣ። ልተወው አሰብኩ። እጄ ግን ዝቅ ብሎ አነሣው።

ሰውየው ፈገግ አለ። "ትዋደዳላችሁ" አለ። "ጥሩ ነገር ነው።" አሰልጣኛችን "ሌላ ሰው ይምታ፣ አንዴ ብቻ፣ ሌላ ሰው" እያለ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለው፤ መኪናው ተነሥቶም ጥቂት አብሮት ሄደ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አባቴ የሸራውን ገመድ መፍታት ጀምሮ ነበር። ስደርስ ቀና ብሎ አላየኝም። ውሃውን አራግፎ፣ አጥፎ፣ በገመዱ አሰረውና "ይህን ይዘሽው ትሄጃለሽ" አለኝ። "አጎትሽ ጋ ሸራ አልቋል።"

ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ፤ ጭቃዋ ማልያዬ ላይ ቀረ። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። "ሦስቱንም ያዝሽ እኮ" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ሦስቱንም ያዝኩ።"